የተረኛ ደብተር

ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል፤ ሊነጋጋ ነው ገና፣
ቆርቆሮው ላይ ሽምብራ ይቆላል ደመና።
ትንሽ ቆይቶ ሕፃናት ራቁት ይወጣሉ፣
«አሳድገን» እያሉ ዝናብ ይለምናሉ።
እኔ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ፒያሳ፣ ተረኛ ፋርማሲ፣
በሳል ሽሮፕ ካርቶን ላይ ክርኔን አስደግፌ
የዓመቱን ደብተሬን አነባለሁ፣
የሌላ ሰው ደብዳቤ በስህተት እንደከፈተ።

የገዛሁት አምና ነው፣ መስከረም በባተ በማግሥቱ፣
ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ካለች ጠባብ የጽሕፈት ዕቃ ሱቅ።
«ለተማሪ ነው?» አለችኝ ሻጯ፣ አቧራውን እፍ ብላ።
«አዎ» አልኳት።
የመጀመሪያው ውሸት፣
ደብተሩ ገና ሳይከፈት።

«በየሌሊቱ አንድ ገጽ» ብዬ ማልኩ ለራሴ፤
ማንም ዋስ አልጠራም፣ አልፈረመም ለነፍሴ።
በጥቅምት አበባ በዛ፤ ቅጽል በቅጽል ላይ ተሠራ።
ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያነድ፣
እኔም ቅጽሎቼን ከምሬ አቃጠልኳቸው በተራ።

የተረፈው ምንድን ነው?
የታክሲው ረዳት፣ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ መልሴን ሲያስቀር፤
አንዲት ሴት፣ ዋጋውን ሰምታ፣ ማዘዣዋን እንደ ክታብ አጣጥፋ
ጡቷ ሥር ከትታ በካፊያው ውስጥ ስትጠፋ፤
ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በዚያ በኩል የመጣ ሰካራም፣
«የልብ መድኃኒት አለ?» ሲለኝ በመስኮት፣
«ያለ ማዘዣ አይሸጥም» ስለው፣
«ያዘዘችልኝማ ሄደች» ብሎ ሲስቅ በሌሊት።

እዚህ ጋ «ዛሬ ደስ ብሎኛል» ይላል። አልነበረም።
እዚህ ጋ አንድ ስም ሰርዣለሁ፣ ሁለቴ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ከጻፍኩት ሁሉ ጎልቶ
እሱ ይነበባል።

አንባቢዬ አንድ ነበሩ፣ ጋሽ ይርዳው፣ ዘበኛችን፤
አንባቢስ አይባሉም፣ ዓይናቸው ከፊደል ተኳርፏል፣ አድማጭ ናቸው።
ካፖርታቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው
«በል እስቲ» ይሉኛል። ስጨርስ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፦
«እውነት ነው፣ ሁሉም እውነት። ግን ልጄ፣ አንተ የታለህ?
ሰዉን ሁሉ ቤት አስገብተህ ራስህን ደጅ አሳደርህ።»
ተቀየምኳቸው። ሦስት ሌሊት አላነበብኩላቸውም።

ከዚያ የካቲት።
«ሽንኩርት መቶ አሥር ብር ገባ» ይላል አንዱ ገጽ፣
ቀጥሎ አሥራ አንድ ባዶ፣
እንደ ሐዘንተኛ ራስ ተላጭቶ።
በዚያ ሰሞን ነበር የጋሽ ይርዳው አጥር ላይ ቀይ ምልክት የተቀባ።
አንድ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ፍራሽ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ
አይሱዙ ላይ ጭነው ወደ ገላን ሄዱ።
በዚህ መስኮት ቆመው ጨበጡኝ፣ በብረቱ መሃል፣ በሁለት ጣት።
«ይህን ጻፈው» አሉኝ።
ሽንኩርቱን ጻፍኩ።

ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ብዬ ነበር፤
ስቆጥረው ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሞልቷል።
ሥራ በዝቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ራሴን አሞኝ፤
ምክንያት እንደሆነ እዚህ በፍሬም ይሸጣል።
ባዶው ገጽ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።
ወረቀቱ ስስ ነው፤ ከጀርባው የመጋቢት ጽሑፍ
ተገልብጦ ይታያል፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየሸሸ።

ደወልኩ። ዘበኝነት ለምዶባቸው ንጋት አያስተኛቸውም።
«እዚያስ ይዘንባል?»
«ይዘንባል መሰለኝ» አሉ፣ «ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤
በላዬ ሰው ነው ያለው፣ ቆርቆሮ አይሰማኝም።
በስልኩ ያንተን ልስማው።»
ቀፎውን ወደ ጣሪያው ከፍ አደረግኩት።
ብዙ ቆየን።
«በል እስቲ፣ አንብብልኝ» አሉ ኋላ።

የካቲትን ገለጥኩ፣ ባዶውን።
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከነጩ ወረቀት ላይ፣
«ቀይ ቀለም ነበር» ብዬ ጀመርኩ፤
«ገና አልደረቀም ነበር፤ እኔ በማዶ ቆሜ…»

መስኮቱ ተንኳኳ። አንድ አባት፣ እርጥብ፣
የልጅ ትኩሳት ማብረጃ ፈልጎ።
«ጠፋህ እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ይርዳው በስልኩ፣ «የታለህ?»
«ይቆዩኝ» አልኳቸው፣ ሽሮፑን በአንድ እጄ እያወረድኩ፣
«አለሁ። እዚሁ ነኝ።»