ከሰለ፣ ከሰረ

አዲስ ቅዳም ገበያ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣
የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ መዝገብ።
ስንት ጆንያ ተጫነ፣ ስንት ብር ገባ፣
የማን ዕዳ ቀለለ፣ የማን በግ ረባ።

ይኸው እንግዲህ ገጹ፦ «አለኸኝ ይርሳው፤
ሁለት ቃዳ መሬት፣ ገብስ የረሳው።»
አፈሩ ኮምጣጣ ነው። «ኖራ ይበተን» ተብሎ ነበረ፤
ኖራው ከከተማ ሳይነሣ ቀረ።
እሱም እንደ ጎረቤት ችግኝ አፈላ፤
ዲከረንስ ይሉታል፣ በአምስት ዓመት የሚበላ።
ዛፉ ሲያጥር ጤፍ ዘራ፣ ከፍ ሲል ሣር አጨደ፣
በአምስተኛው ዓመት ነጋዴ ወረደ።
በቁሙ ሸጠለት፣ በዓይን ተገምቶ፤
ክምሩ አፈር ለብሶ ጤሰ፣ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ።

የአክሳዩን ሳል ግን አልመዘገብኩም፤
ለሳል የሚሆን ዓምድ ከፎርሙ ላይ የለም።
ዋጋ የሚቆርጠው ሩቅ፣ አዲስ አበባ ነው፤
ጢሱን መች ያውቀዋል ሽሮውን ያበሰለው።

ቆርቆሮ ለቤቱ፣ ደብተር ለልጆቹ፣
ባጃጅ ገዙ አሉ ሁለቱ አማቾቹ።
አትፍረዱ፤ አፈሩም ራሱ አመስግኗል፤
ከተቆረጠው ሥር ገብስ ዳግም በቅሏል።
ያቃጠልነው ዛፍ ነው ያከመን።

ትርፍ ሲታይ ጊዜ፣ ቀበሌው በሙሉ፣
የጤፉ፣ የድንቹ፣ የግጦሹ፣ ሁሉ፣
አንድ ዛፍ ለበሰ፤ ከአንከሻ እስከ ባንጃ
ለላምም አልቀረ ዞር ብሎ መሄጃ።
እኔ በመዝገቤ «ወረት» ብዬ ጻፍኩ፤
ወረት ሌላም ፍቺ እንዳለው ግን አላሰብኩ።

ከዚያ አንድ መስከረም ቅጠሉ ዛገ።
ችግኙ ከአናቱ ቁልቁል ጠወለገ።
ባለሙያ መጣ፣ ቅጠል ቆርጦ ሄደ፤
ብድሩ ግን ቆየ፤ ብድሩ ወለደ።

አለኸኝ መጣና «ስንት አለብኝ?» አለ።
ስጽፍለት እጄ ሳተ፤ «ክምሩ ከሰለ»
ልል፣ «ከሰረ» አልኩ። አንድ ፊደል ናት።
ልሰርዝ ብዬ ነበር፤ አየኋት፤ ተውኳት።

የኔአየሁ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣
ከፋግታ ዳገት ላይ አንድ ቃዳ ያላት፣
ያኔ ሁሉም ሲተክል ግማሹን ነው የሰጠች፤
በቀረው ብሳና፣ ግራዋ አቆየች፣
ድንችም፣ ባቄላም። ሰው ሳቀባት፤ «ሞኝ!»
ቤቷ ዛሬም ሣር ነው፤ ሀብታም ናት አትበሉኝ።
ግን ዘንድሮ ለብድር ደጃችን አልመጣች።
«ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዘር ይበላል?» ብላ ሄደች።

መብራት በሌለ ማታ፣ በስልኬ ብርሃን፣
አሰመርኩ በጠርዙ አንድ ቀጭን መስመርን፤
ማንም ያልፈረመበት፣ ስም የሌለው ዓምድ፦
ገና ያልተወለደ የሚከፍለው ወለድ።
ጅረት ይዞት የሄደው አፈር ስንት ነው?
በስንት ተሸጠ? ደረሰኝ ማን ሰጠው?

ኦዲተሩ ከዳንግላ መጥቶ ገጹን አገላበጠ፤
ከዚያ ዓምድ ሲደርስ ጣቱ ተቀመጠ።
«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «ቀሪ ሒሳብ» አልኩት።
መነጽሩን ጠረገ፤ ቀና ሲል አየሁት።
«ለማን?» አለ ደግሞ። መልሱ አጠረኝ።
በመስኮቱ ማዶ ጎንበስ ብሎ አለኸኝ
ከደረቀው ግንድ መሃል አንድ ነገር ይተክላል፤
ምን እንደሆነ ግን ከዚህ ማን ይለያል።