የአጋቹ አበል

በየዓመቱ በኅዳር፣ ፀሐይ ስትሰወር፣
ሃመርፌስት ከተማ፣ በኖርዌይ ባሕር ዳር፣
በተዘጋው ትምህርት ቤት፣ በላይኛው ክፍል፣
ሰው አግታለሁ እኔ፣ በቀን ክፍያ ውል።

ታጋቿ አሻንጉሊት፣ ጨርቅ የጠቀጠቋት፣
ዓይኗ የኮት ቁልፍ ነው፤ ግራ ጫማ የላት።
ሽጉጤም ከእንጨት ነው፣ ቀለሙ የላጠ፣
ቁጣዬ በወረቀት ታትሞ የተሰጠ፦
«ስምህ ሮአር ነው። ዕድሜህ አርባ ሦስት።
ከሥራ ተባረሃል። ጥላሃለች ሚስት።
‹ለምን?› ካሉህ ጩኽና ጠርቅመው ስልኩን፤
በስምህ ከጠሩህ ዝቅ አድርግ ድምፅህን።»

የኔ ሙያ ሞተር ነው፣ የመርከብ ጥገና፤
ጡረታ ስወጣ ግን እጄ ሥራ ፈታና
አስላውግ ጠራችኝ፣ የፖሊስ መምህር፦
«መጮህ ትችላለህ?» «ሞተር ክፍል ስኖር
ሌላ ምን ቋንቋ አለ?» አልኳት፤ ተቀጠርኩ።
በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተማረክኩ!

ይመጣሉ ወጣቶች፣ ጫማቸው ሲጥ ሲጥ የሚል፤
ከበሩ ማዶ ሆነው፣ አንዱ ስልክ ሲደውል
ሌላው ጆሮው ሥር ሆኖ ብጣሽ ወረቀት ላይ
ይጽፍለታል ቶሎ፦ «አታቋርጠው!» «ቆይ!»
አንዱ ሕግ ጠቀሰልኝ፣ አንቀጽ ከነቁጥር፤
ሌላው «ይገባኛል» አለ፣ ገና ሳልናገር።
«ምኑ ነው የገባህ?» ብዬ ዘጋሁ ስልኩን።
ሦስተኛው ቃል ገባልኝ ሄሊኮፕተሩን፤
አስላውግን በመስታወት ራሷን ስትይዝ አየኋት፤
እኔ የጠየቅሁት ፒዛ ነበር፣ ለራት።

ዘንድሮ ግን አንዲት፣ ሲኔቨ የምትባል፣
ድምፅዋን ጉንፋን ሰንጥቆት፣ በየቃሏ ሳል፦
«ሮአር፣ እኔ ሲኔቨ ነኝ። እዚህ ነኝ።»
ዝም። ሌላ ቃል አንድም አልጨመረችልኝ።
ጮኽኩ እንደ ወረቀቱ። በሩን በእግሬ መታሁ።
የታተመውን ቂም ሁሉ አንድ በአንድ አወጣሁ።
«ጥላኝ ሄደች» ስላት «ጥላህ ሄደች» አለች፤
ጎበዝ የሞተር ረዳት መፍቻ እንደሚያቀብል፣
ቃሌን አቀበለች።

እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ ወሬዬ መሐል ላይ
ከወረቀቱ ወጣሁ፦ «ከመርከቡ፣ ከላይ፣
ኤይለርት ሲጣራ... የሞተር ጩኸት መስሎኝ...»
ብዬ አቆምኩ። ምራቄ አነቀኝ።
ኤይለርት የሚባል ሰው ወረቀቱ ላይ የለም።
እውነተኛዋ ሚስቴም ይህን አልሰማችም።

ረዳቷ ብጣሽ ሰጣት፤ ሳታነብ ገፋችው።
ሌላ ሰጣት፤ ያንንም በክንዷ ሸፈነችው።
በስልኩ ሽቦ በኩል ትንፋሿ ይመጣል፣
የታፈነ አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ያፏጫል።
ቆጠርኩ፦ አሥር። ሃያ። ሠላሳ አምስት።
ዝምታ እንዲህ ይከብዳል? እንደ መልሕቅ ብረት?
በመጨረሻ፣ «ይህ ዝምታ» አለች፣
(ሳል አቋረጣትና ጥቂት ቆየች)
«የሮአር አይመስለኝም።
የማን እንደሆነ አልጠይቅህም።
እዚህ ነኝ።»

አሻንጉሊቷን አቀፍኳት። በሩን ከፈትኩት።
ሽጉጡን ደፉ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ አኖርኩት።

አስላውግ ተቆጣች፦ «ምን ነካህ? ቶሎ ወጣህ!
የሦስት ሰዓት ልምምድ በሃያ ደቂቃ ፈታህ!
እውነተኛ አጋች እንዲህ በቀላሉ አይወጣም!»
እሷ የምታውቀው አጋች ግን
አሥራ ሰባት ዓመት አልቆየም።

አበሌን ልቀበል ስወርድ ወደ ቢሮ፣
በደረጃው መስኮት ጨለማው ተደርድሮ፣
በረዶው ብቻ በመብራት ያበራል።
ሲኔቨ ከታች ቆማለች፤ መሀረቧ ረጥቧል።
ስለ ኤይለርት ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።
መዝገቧን ገልጣ፣ «ስምህን» አለች፣ «ሳልይዝ ቀረሁ።»
ወረቀቱ ያዘዘኝን ያን ጊዜ አስታወስኩ፦
«ኦድቫር» አልኳት፣
ድምፄን
ዝቅ አደረግኩ።