ጥላሸቱ የጻፈው

ጉም እንደ አበዳሪ ከደጄ ላይ ቆሞ፣
ወንድአፍራሽ ገባ ጆንያ ተሸክሞ።
ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰኝም፤
መዝጊያውን በክርኑ ገርበብ አድርጎ፦
«ይኸ ነገር» አለኝ፣ «አንድ ቃል ይናገርና
ዝም ይላል። በእጄ ካልጎተትኩት
ሁለተኛውን አይልም።»

እኔ የመሐል ሜዳ የብረት ሐኪም ነኝ።
ፋኖስ፣ ጓጉንቸር፣ የወፍጮ ጥርስ፣
ዓይን የሚያጠፋ የላምባ ምድጃ፣
ሁሉም በዚህ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ተነሥቷል።
ከጣሳዬ ውሃ የማይጠጣ ሰው እንኳ
ማረሻው ሲሰበር ቤቴን አይስትም።

ጆንያውን ፈታሁ።
የቤት ሥራ ነው፤ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፣
አገሩን ቢጠይቁት የሚመልሰው የለው።
እንጨቱ ወይራ፣ ብረቱ ከሦስት ሬሳ የተለቀመ፣
አንዱ የኤንትሬ፣ ሌላው የማን እንደሆን እንጃ።
ግን ያማረ ነው፤ ምን አስዋሸኝ፤
እጅ ሲያርፍበት እንደ በቅሎ አንገት ይለዝባል።

ከመፍታት በፊት ማሽተት አለ።
አሸተትኩት፤ የተቃጠለ ቀንድ፣ የድሮ ሳንቲም።
ከዚያ ጥላሸቱን አነበብኩ።
ጥላሸት ጉቦ የማይበላ ምስክር ነው፤
ትንፋሽ በየት እንዳለፈ ይጽፋል እንጂ
ማን እንደላከው አይጠይቅም።

ጥይት ሲሄድ ከትንፋሹ ጥቂት ይመልሳል፤
ያቺ ጥቂት ናት የኋላውን ብረት ገፍታ
ተከታዩን የምትጠራው።
የዚህኛው ግን አልተመለሰችም።
ትንፋሹ ከሚታጠፍበት ቀለበት ዙሪያ
ጥላሸት ወጥቷል፣ ቀጭን፣ እንደ ኩል፣
መኖር በሌለበት ቦታ።
የጋዝ ቤቱ ያፈሳል።
ሳንባው እንደታመመ ሰው
ይስባል እንጂ አይደርሰውም።

በጥፍሬ ነካሁት፤ ተነቃነቀ፤
የጸጉር ታህል።

ያን ጊዜ የሞረዱን ዱካ አየሁ፦
ሦስት ጭረት፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣
አራተኛው አጭር፣ አራት ነጥብ እንደማለት።
ይህን እጅ አውቀዋለሁ።
ይህን እጅ በጉጠት መትቼዋለሁ።
«በግራህ አትሞርድ፣ ሰው ይስቅብሃል» እያልኩ
ሰባት ዓመት ጮኽኩ፤
ሰባት ዓመት አቤት እያለ
ሰባት ዓመት በግራው ሞረደ ጌጤነህ።

አምና፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣
ሞላሌ ገበያ እሄዳለሁ እንዳለ ቀረ።
ከዕቃዬ አንዳች አልነካም፤
አንድ ሞረድ ብቻ።

«በሽታው ምንድን ነው?»
«ማን ሠራው?»
ወንድአፍራሽ ከንፈሩን ልሶ ጉሙን አየ።
«ከጀውሃ ወዲያ አንድ ልጅ አለ።
ቤት ሰጥተው ያስቀመጡት።
አይወጣም።»
«አንተስ ለምን ፈለግኸው?»
«ለወሰኑ ነዋ!»
ወሰኑ ሁለት ጥማድ ነው፤
ከዚያ ማዶ የአጎቱ ልጆች ያርሳሉ።

ጌጤነህ የሠራው መጋጠሚያ ውሃ አያሳልፍም ነበር።
ጌጤነህ የጸጉር ታህል ተሳስቶ አያውቅም።
ቢሳሳትማ ያቺን አራተኛ ጭረት አይጭራትም፤
ሥራው አልቆ፣ ለክቶ፣ ዳግም ለክቶ፣
«ይኸ ልክ ነው» ሲል ብቻ ነው የሚጭራት።

ልክ ነው።
ሥራ አሉት፤ ሠራላቸው፤
አንድ ቃል ብሎ የሚዘጋ፣
ሁለተኛውን ሰው እስኪያስብበት።

በአንድ ሰዓት ይድን ነበር።
ሠላሳ ዓመት በብረት ላይ ዋሽቼ አላውቅም።
«ከውስጥ ተበልቷል» አልኩት፤ «መድኃኒት የለውም።»
«ስንት ልክፈል?»
«ለሞተ አይከፈልም።»
ጆንያውን አንሥቶ ወጣ፤
ጉሙ ተቀበለው ከነውሸቴ።

ማታ ሞረድ በግራ እጄ ያዝኩ።
ከበደኝ። አንሸራተተኝ።
ካረጀ ጓጉንቸር ላይ ሦስት ጭረት ጫርኩ፤
አራተኛዋን ተውኳት።