ውድ ራቢያ

ሳልሚያ፣ አምስተኛ ፎቅ፤ ከማድቤቱ በር በላይ
ሽፋሽፍት የሌላት ዓይን አለች፣ ቀን ከሌት የምታይ።
ሽንኩርት ስከትፍ ታየኛለች፣ እንባዬን ስጠርግ ታያለች፤
የሽንኩርት ይሁን የሌላ፣ እሷ ምኑን ታውቃለች?
አንዳንዴ አፍ ታወጣለች፤ ማዳም ከቢሮዋ ሆና
"ራቢያ፣ ውሃው በዛ!" ትላለች፤ ይወርዳል እንዳልለመኑት መና።

እሱንስ ለመድኩት። ዓይን ለሆነ ነገር
ጀርባ አለኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አለቅሳለሁ በክብር።

ግን ያቺ ሌሊት…
እቃ ቤት፣ ከሩዙ ጆንያ ጀርባ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ስልኬን እንደ ክብሪት ጫፍ በመዳፌ ከልዬ፣
"የአዲስ አበባ ትኬት" ብዬ ጻፍኩ፤ ዋጋውን ብቻ ልየው ብዬ።
ለእህቴ ለአያልነሽ እንኳ አልተነፈስኩም።
ሆድ ይፍጀው አልኩና ተጋደምኩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሲነጋ ማዳም የዓሣ አሠራር ልታይ ታብሌቷን ብትከፍተው
ከዓሣው ጎን አውሮፕላን! ሽቅብ ሊበር ያኮበኮበው፤
"አዲስ አበባ በቅናሽ! ይፍጠኑ፣ ጥቂት ነው የቀረው!"
አንድ ዋይፋይ ነው የቤቱ፤
ለካ እሱ፣ ሆድ የለው።

ታብሌቱን አየች። እኔን አየች።
"ከዚህ ቤት ማን ነው መንገደኛ?" አለች።
እኔ እንጃ አልኩ። ዓሣው ከእጄ ሙልጭ ብሎ ወደቀ።
የዚያን ቀን ፓስፖርቴ ከመሳቢያ ወጥቶ፣ ካዝና ውስጥ ጠለቀ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኬን እዋሸዋለሁ፤
ያልተመኘሁትን ምኞት እየፈለሰፍኩ እጽፍለታለሁ፦
የበረዶ ጫማ። ኮርቻ። የጭልፊት ቆብ። የመላጣ ቅባት።
አንድ ቀን ደግሞ፣ ለመንታ ሕፃናት የሚሆን ጋሪ ጻፍኩለት።
ጋሪው ታብሌቷ ላይ ብቅ ሲል፣ ማዳም ባሏን በጎን አየችው፤
እሱ ሰላጣ ያኝካል፣ ምን አጠፋሁ ባይ ነው።
እኔ ሩዝ እለቅማለሁ።

የምሄድበትን ቀን ግን የትም አልጻፍኩት፤
በወር አንድ ቋጠሮ፣ ቀሚሴ ጠርዝ ላይ በክር ሰፋሁት።
ዓይኒቱ ስሰፋ አይታለች፤ ጥልፍ መስሏት ይሆናል።

ስልኬ ዛሬም በማለዳ "ውድ ራቢያ" እያለ ይጣራል።
ራቢያ የፓስፖርት ስም ናት፣ ደሴ ላይ ደላላ ያወጣት፤
ትግዛ አትግዛ፣ እሷን ይጠይቃት።
ትርንጎን ገና አላገኛትም።