አሥራ አንድ እርምጃ

ወሬው በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል፤
አንዱ «ዋንዛ አከለ»፣ አንዱ «ጅረንን አለፈ» ይላል።
እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሂርማታ ገበያ ዳር፤
ሳልለካ አልቆርጥም፣ ሳልቆጥር አልናገር።

ሙዘይን አባ ቡልጉ በርጩማ ጠራቢ ነበረ፤
ለሰው መቀመጫ ሲሠራ ራሱ ሳይቀመጥ ኖረ።
አንድ ማታ ሱቄ መጣ፣ ፀጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ፣
«ክንፍ ትሰፋልኛለህ?» አለኝ፣ ሱሪ እንደሚያሳጥር ሰው።
«የማን ክንፍ?»
«የኔ።»
«ወገቡ ስንት ነው?» ብዬ ላሾፍበት ጠየቅሁ።
አልሳቀም። ሁለት ክንዱን ዘረጋ።
ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ።

ቀርከሃው ከማሻ ወረደ፣ በጭነት መኪና ጣራ፤
ሞተሩ የቡና መፈልፈያ፣ ከአጋሮ በአደራ፤
ጎማው የፖስተኛው ብስክሌት
(ፖስተኛው ያን ክረምት በእግሩ ዞረ)፤
ውልብልቢቱ ዋንዛ ነው፤ ሰባቴ ተላገ፣ ሰባቴ ሚዛን ላይ አደረ።
አቡጀዴው ሃያ ስድስት ሜትር፣ ከዓረቡ ሱቅ በዱቤ፣ በስሜ።
እህቱ ሸሪፋ ቡላ በጥብጣ ክንፉን ቀባችው፤
ሌሊት ፍየል ላሰችው፤ በጠዋት ደግማ ቀባችው።
ሲደርቅ እንደ ከበሮ ጮኸ፣ በጣቴ ብመታው።

«ክንፍ ለወፍ ነው የተሰጠው» አሉት አንድ ሽማግሌ።
«እጅስ?» አለ፣ መላጊያውን ሳያቆም።

ጳጉሜ ሁለት ነው ቀኑ፤ ከወር የማይቆጠር ወር።
ከቦዬ ረግረግ ወዲህ፣ ላሞች ሳይደርሱ፣ ሜዳው ጤዛ እንዳዘለ፣
ሞተሩ ሦስቴ አስነጠሰ፤ በአራተኛው ያዘ።
ጉማሬዎች ከውሃው ጆሯቸውን አወጡ።
ጅራቱን የያዝኩ እኔ ነኝ። «ልቀቅ!» ሲል ጆሮዬ አልሰማም፤
ጣቶቼ ናቸው የሰሙት።
ሣሩ ተኛ። ባርኔጣዬ ሄደ፤ ዛሬም አልተመለሰ።
ጭቃው ዓይኔ ውስጥ ተረጨ።

ስጠርገው፣ ክንፉ ቄጤማ ውስጥ፣ አፍንጫው ረግረግ ውስጥ፣
ሙዘይን ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ
(ተቀምጦ ያየሁት ያኔ ነው)
አንድ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ፣
«በረርኩ ወይ?» አለኝ።

አላየሁም! ምን ልበለው?
ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ ዱካውን ፈለግሁ።

ሁለት ክር ሆኖ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ እጄ ሥራ፤
ከዚያ ይቆማል።
ከዚያ ጤዛ ብቻ። ያልተኛ ሣር።
አንድ ቀንድ አውጣ፣ ቀስ ብሎ፣
ጎማው ባለፈበት መስመር ላይ፣ ሳይደቅ።
ከዚያ ዱካው እንደገና፣ ጠልቆ፣ ተጣሞ።
ባዶውን እንዳልረግጠው በጎኑ በጎኑ ተራመድኩ፤
አሥራ አንድ።
ተመልሼ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ።

የመርፌ ሰው ያውቀዋል፤
ክር ጨርቁ ላይ የማይታይበት ቦታ አለ፤
አልተበጠሰም፤
በወዲያኛው ፊት እየሄደ ነው።

ነገርኩት። ቁመቱን አልጠየቀኝም።
ፀሐይ ወጣች፤ ላሞች መጡ፤ መረጃችንን ረገጡት።

ሞተሩ አጋሮ ተመለሰ። ፖስተኛው ጎማውን፣ ጥምዝ እንደሆነ፣ ተረከበ።
የክንፉን ስፌት ፈትቼ ለሰፈሩ ልጆች ሸሚዝ ሰፋሁ፤
ሰባት ሸሚዝ ወጣው፤ የዓረቡንም ዱቤ ቀስ በቀስ ከፈልኩ።
ቡላው ግን ቢታጠብ፣ ቢታጠብ፣ አልለቀቀም፤
ልጆቹ ቁልቁለቱን ወደ አወይቱ ሲሮጡ
ጀርባቸው ላይ ይንኳኳ ነበር።
ሙዘይን ያን ድምፅ ሲሰማ
መላጊያውን ያቆም ነበር።