ሐረጎን ስወጣ

ትናንት ንብረት አስረከብኩ፤
አንድ ካቻቢቴ፣ ሁለት ፒንሳ፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ ቆጠርኩ።
"ሌላስ?" አለኝ ንብረት ክፍል፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፤
ሃያ ሁለት ዓመቱንስ ማን ይረከበኛል፣ በየትኛው ረድፍ ፈልጎ?
ፈረምኩ፤ ማኅተም መታ፤
ወደ ሽመና ክፍል ገባሁ፣ ልሰናበት ለአንድ አፍታ።

አርባ አንድ ቁጥር ማሽን እንደ ልማዷ ትስላለች፤
ቦርከና ሲሞላ፣ እርጥበት ሲገባ፣ ክር ትበጥሳለች።
በሽታዋን እኔ አውቃለሁ፤
በግራ ጎኗ ዝቅ ብዬ በመዳፌ እዳስሳለሁ።
መመሪያዋ ላይ የሌለ፣ ማንም ያልጻፈው መላ፣
አንድ የታጠፈ ካርቶን ነው፤ ከብሎኗ ሥር የምወትፈው፣ ሲያልቅ የምተካው በሌላ።
ይህን ለሙሄ ነገርኩት፤ ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤
ይስማኝ አይስማኝ እንጃ፣ የዘይት ጣሳውን ይዞ ሳቀ።

እዚያ ቤት በአፍ አይወራም። ማሽኑ ቃል ይበላል፤
ሰው በጣቱ ይጣላል፣ ሰው በቅንድቡ ያባብላል።
ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ፦ "ለምሳ ስንት ቀረህ?"
አውራ ጣት ወደ ኋላ፦ "ቀና በል፣ አለቃው መጣልህ!"
መዳፍ ደረት ላይ ሁለት ጊዜ፦ "አብሽር" ማለት ነው፤
ትርንጎ ልጇን ቀብራ የተመለሰች ዕለት፣ ክፍሉ በሙሉ ያላት ይህን ነው።

ትናንት ለእኔ አሉኝ።
ከማሽን ማሽን፣ ከረድፍ ረድፍ፣ ደረታቸውን መቱልኝ።
እኔም ልመልስ ስል፣ እጄ ደረቴ ላይ ቀረ፤
ዓመት ሙሉ "በቃኝ" ሲል የከረመው፣ እኔ አይደለሁም ነበረ?

አዲሱ ሥራ ደሴ ነው፤
የሆስፒታል ዕቃ ጥገና፤ ብሎኑ የስንዴ ቅንጣት፣ ሽቦው ጸጉር የሚያክል ነው።
ለፈተና የሄድኩ ቀን አየሁት፤ ወለሉ መስታወት፣
ሰው ሁሉ በለሆሳስ፣ በር እንኳ የሚዘጋው በእፍረት።
ጠያቂዋ ወጣት ናት፤ ሲትራ፤ "ጋሼ" አለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሏን አለስልሳ፣ ፈገግ ብላ፣
"ድምፅዎን ቀነስ ቢያደርጉት... ሕሙማን አሉ ከግድግዳው ኋላ።"
ቀነስኩ። የቀነስኩ መሰለኝ።
እንደገና ፈገግ አለች። ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ።

ደመወዙ ይሻላል፤ ዘምዘምም ደስ ብሏታል፤
ሹራብ ገዝታልኛለች፤ "ደሴ ይበርዳል፣ ጦሳ ጉሙን አውርዶታል።"
እኔ የምፈራው ብርድ አይደለም።
ሃያ ሁለት ዓመት የጮኸ ጉሮሮ፣ አንድ ጧት ተነስቶ አይታረም።
የምፈራው "እንደምን አደራችሁ" ብዬ ስገባ፣
ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እንዳያየኝ ነው፣ እንደ ሰርግ ቤት ሌባ።
የምፈራው ዕቃው ሲታመም፣ የቱ ጋ እንደሚያመው አለማወቅ፤
በአርባ ሰባት ዓመት፣ ልጆች ፊት፣ እንደ ጀማሪ መጠየቅ።

ነጋ። ታክሲ ያዝኩ፤ ሹራቤ ያሳክካል፤
ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ሳይረኑ ጮኸ፤ እግሬ "ውረድ" ሲል፣ ኪሴ "ተቀመጥ" ይላል።
ከዚያ ሐረጎ። ጥምዝ፤ ሌላ ጥምዝ፤ ደግሞ ጥምዝ፤
ከጥቅል ያመለጠ ክር ሆነ፣ ቦርከና ታች ሲጠማዘዝ።
ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ከፍታው ነው፤ ሁሉም ራቀ፤
ሞተሩም፣ የረዳቱ ሳንቲምም፣ እንደ ጥጥ ውስጥ ደቀቀ።
ረዳቱ አፉን ይከፍታል፤ ከንፈሩን አነባለሁ፤ ልምድ ነው፤
"ወዴት ነዎት?" ነው ጥያቄው፤ ከትናንት ጀምሮ የኔም ነው።

መጨረሻው ጥምዝ ላይ ጧ! አለ፤ ተከፈተ ጆሮዬ፤
እኔም ድምፄን ሳልቀንስ፣ ከነሽመና ጉሮሮዬ፣
"ደሴ!" አልኩ።
ታክሲው በሙሉ ዞረ። አንድ ሕፃን ባንኖ ነቃ። ደነገጥኩ።
እናቱ ሳታባብለው፣ እጄ ቀድማኝ፣ ሳላዛት፣
ደረቴን ሁለቴ መታች፤ ልማድ ናት።
ሕፃኑ አፍጥጦ አየኝ። ማልቀሱን ረሳው ለጊዜው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አበራ።
ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ዘምዘም እውነቷን ነው።