የሁለት ፊደል ጸሐፊ

ከካልካታ ማዶ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር፣
ጆንያ ፋብሪካው ደጅ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ለማያነብ ሁሉ ደብዳቤ ስጽፍ ነበር፤
የማውቀው ሁለት ፊደል፣ የያዝሁት አንድ ብዕር።

የሂንዱው ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ፣
የሙስሊሙ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወርድ፣
ሁለቱም ያው ናፍቆት፣ ሁለቱም ያው ጉዳይ፦
«ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ላሚቱ ወለደች ወይ?»

ጋናውሪ፣ ጁምራቲ፣ ባንድ መሸመኛ፣
«ክሩን እኔ ልያዝ፣ አንተ ጥቂት ተኛ»
ሲባባሉ ኖረው፣ ያን ዓመት በክረምት
ደመወዝ ቢቀነስ፣ ሥራ አቆሙ ባንድነት።
ዐሥራ ሁለት ሌሊት ጭሱ ጠፋ ካየር፤
ልጆቻችን ቆጠሩ ስንት ኮከብ እንደነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ፣ ሚስተር ጊልክራይስት፤
አይቆጣ፣ አይጮህ፤ ቀዳልኝ ሻይ በወተት።
«ሁለት ወረቀት» አለ፣ «ስምህ የሌለበት።
ላንዱ፦ ‹ከመቅደስህ ደጅ ላም ሊታረድ ነው› በል፤
ለሌላው፦ ‹መስጊድህ ዛሬ ሊቃጠል ነው› በል፤
የቀረውን» አለኝ፣ «እነሱ ያውቁበታል።»

አምስት ሩፒ ሰጠኝ። ልጄ ታማ ነበር።
አልታመመችም ነበር። ይኼም ከውሸቴ ይቆጠር።

ያንድ ብልቃጥ ቀለም፣ ያንድ ፋኖስ ብርሃን፤
አንዱን ከግራ ጀመርሁ፣ አንዱን ከቀኝ፤ ውሸቱን
መሐል ላይ አጋባሁት።
በሌሊት ሄደው ለጠፉት።

ያ ቀን እንዴት እንደዋለ አልተርክም። ወንዙ ያውቃል።
በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ተነፋ፤ ጭሱ ተመልሷል።
ደመወዙ እንደጎደለ፤ ማን ሊጠይቅ፣ ከማን ጋር?
መሸመኛው ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከወር በኋላ ጋናውሪ መጣ፣ ከዋርካው ሥር፤
በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል ትንሽ የላብ ብር።
ያን ለታ ከየት ወገን ቆሞ እንደነበር
አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም ነገር።

«ለጁምራቲ ሚስት» አለ፣ «ለናሲባን ጻፍልኝ፤
የሷን ፊደል አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ ሲሉኝ።
ከሱ ነው በላት ብሩን፤ ሞቷል አትበላት ለጊዜው፤
‹ላሚቱ ወለደች ወይ?› በል፤ እንዲያ ነበር የሚለው።»

ብዕሬን ነከርሁ፤ ከቀኝ ጀመርሁ እንደ ልማዴ፤
የገጹ መሐል ላይ ሲደርስ እምቢ አለኝ ክንዴ።
«አለቀብህ ቀለሙ?» አለኝ። ብልቃጡን አየሁት፤
ከወገቡ በላይ ሙሉ ነው።
«አዎ፣ አለቀ» አልሁት።